የአሥራ አንድ ቁጥር ጎብኚዎች

በአውቶቡስ ድርጅታችን የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ኃላፊ ነኝ። ክፍሉም ሠራተኛውም እኔው ስለሆንኩ የማዘው ሰው የለኝም፤ የሚያዙኝ ግን ሞልተዋል። ከስድስት ዓመት በፊት "ቦታ ጠቧል" ብለው ጃንጥላዎቼን ወደ ግድግዳው አስጠጉና አንዲት ሴት አመጡብኝ፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተርና አንድ ቀይ ደብተር ይዛ። ይኸው እስከ ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንሠራለን። የማወራው ስለ እሷ ነው።

ድርጅቱ ውስጥ ሁሉም "ቆጣሪ" ይላታል፤ እሷም አቤት ትላለች። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጣቢያው ድምፅ ነበረች። በማጉያው "አራት ቁጥር በሦስተኛው በር ሊነሳ ነው" ስትል የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይል ነበር። ድርጅቱ ድረ ገጽ ሲከፍት ማጉያው ወረደ። እሷንም ሦስት ሳምንት ኮርስ ልከው ሲያበቁ ዳሽቦርድ የሚባል ነገር አስረከቧት።

ዳሽቦርድ ማለት፣ እኔ እንደገባኝ፣ ድረ ገጻችንን የከፈተውን ሰው ሁሉ የሚከታተል ሰሌዳ ነው። በቀን ስንት ሰው ገባ፣ የየትኛውን መስመር ገጽ ከፈተ፣ ምኑን ተጫነ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ የቱ ጋ ሲደርስ ሰልችቶት ወጣ፣ ሁሉም በቁጥርና በቀለም ይወጣል። ከፍ ያለው አረንጓዴ፣ ዝቅ ያለው ቀይ። የሰውየውን ስም አያውቅም፤ የስልኩን ዓይነትና የመረጠውን ፌርማታ ግን ያውቃል። መጀመሪያ ሲያስረዱኝ ነገረ ሥራው የሰፈር ወሬኛ መሰለኝ።

ቆጣሪ ወሬኛ አይደለችም። እንዲያውም ሰው አታዋራም። አንድ ነገር ብቻ ያስቆጣታል፤ "ገደማ" የሚለው ቃል። "ሁለት መቶ ገደማ" ካልካት "መቶ ዘጠና ስምንት ነው ወይስ ሁለት መቶ አንድ?" ብላ ታፋጥጥሃለች። ሥራውን በተረከበች በመጀመሪያው ወር ድርጅቱ በቀን አምስት ሺህ ጎብኚ አለን እያለ ይኩራራ ነበር። እሷ ውስጡን ስታገላብጠው ከአምስቱ ሺህ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶው የራሳችን ጉድ ሆኖ ተገኘ። የቲኬት ቆራጮቹ ኮምፒውተሮች በተከፈቱ ቁጥር የሚመጣው ገጽ የድርጅቱ ነው። መጠበቂያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስክሪን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ራሱን ያድሳል። ታማኙ ደንበኛችን እሱ ነበር። ሁሉንም ከቆጠራው አወጣቻቸው። አለቆቹ ፊታቸው ቢጠቁር "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" አለቻቸውና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የቀዩ ደብተር የመጨረሻ ገጽ "የማይቆጠሩ" የሚል ርዕስ አለው። የሠራተኛውም፣ የሠራተኛው ቤተሰብም ስልክ እዚያ ይገባል። የእኔ ስልክ አለ፣ የራሷ አለ፣ የልጇም አለ። የቤት ሰው ጎብኚ አይባልም፣ ይህ የእሷ ሕግ ነው።

አባቷ የአሥራ አንድ ቁጥር ሹፌር ነበር። አሥራ አንድ ቁጥር ኮረብታው ላይ ካለው ሰፈር ተነስቶ፣ በሆስፒታሉ በኩል አድርጎ ጣቢያው የሚደርስ፣ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ብቻ የሚሠራ አንድ አውቶቡስ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ነዳው። እኔና እሱ የተቀጠርነው በአንድ ሳምንት ነው። የሰፈሩ ሰው "ጋሽ ሰዓት" ይለዋል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲል ከላይኛው ፌርማታ ይነሳል፤ ከሃያ አንድ አይደለም። እዚያ ሰፈር ባሏ አልነሳ ያላት ሴት "ጋሽ ሰዓት እኮ ሞተሩን አስነሳ" ነው የምትለው።

ሰዓቱን እንዴት እንደሚጠብቅ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። የወር ካርድ ያለው ተሳፋሪ ሲገባ ካርዱን ማሽኑ ላይ ማስነካት አለበት፣ ደንቡ ነው። ጋሽ ሰዓት ግን አያስነካም። ሁሉንም በመልክ ያውቃቸዋል፤ የማን ካርድ መቼ እንደሚያልቅ ሳይቀር ያስታውሳል። "ግቡ፣ ግቡ" ብሎ በእጁ ይጠራቸዋል፣ በሩን ይዘጋል፣ ይሄዳል። ማሽኑ ታዲያ የሚያውቀው ካርድ የሌለውን፣ ቲኬት የሚቆርጠውን እንግዳ ብቻ ነው፤ በቀን ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ ሰው። ይህንን ድርጅቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፣ ከአዲሱ ሥራ አስኪያጅ በቀር። ማንም ደግሞ ሊነግረው አላሰበም፤ ለእኛ ወሬ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲያናግር ከወንበሩ ይነሳል፤ ሻዩንም ራሱ ይቀዳል። ይሁን እንጂ በመኪናው መጥቶ በመኪናው የሚሄድ ሰው ነው፣ አውቶቡሱን የሚያውቀው በወረቀት ነው። አንድ ቀን ቆጣሪን የየመስመሩን ገጽ ጎብኚ ብዛት በሪፖርት እንድታቀርብ ጠየቃት፤ ሕዝቡ የትኛውን መስመር እንደሚፈልግ ላውቅ ብሎ። ሪፖርቱ ከመሄዱ በፊት አነበብኩት። አራት ቁጥር በሳምንት ስድስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጎብኚ። አሥራ አንድ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ዘጠኙም ተሳስተው የገቡ ይመስላሉ፤ ስድስት ሰከንድ ቆይተው ወጥተዋል።

"ይሄ የአባትሽ መስመር አይደለም እንዴ?" አልኳት።

"ነው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ጋሼ።"

ሪፖርቱ ሄደ። በአሥረኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። አሥራ አንድ ቁጥር በድረ ገጹም በማሽኑም ፈላጊ እንደሌለው ስለተረጋገጠ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ መስመሩ ይዘጋል፤ አውቶቡሱም ለአራት ቁጥር ይሰጣል። ቆጣሪ ማስታወቂያውን አዘጋጅታ ድረ ገጹ ላይ እንድታወጣ ታዘዘች። ሦስት ወር ቀረ ማለት ነው።

ለአባቷ ደመወዝ የሚያሰጋ ነገር አልነበረም፤ በሁለት ወር ውስጥ ጡረታ ይወጣል። ስጋቱ ለኮረብታው ሰው ነው። ከዚያ ሰፈር ወደ ሆስፒታሉ የሚወርድ ሌላ አውቶቡስ የለም። የሆስፒታሉ ነርሶችና የጽዳት ሠራተኞች እዚያ ነው የሚኖሩት። የቆጣሪ ወላጆች ሦስተኛ ቤት ጎረቤት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት የምትወርድ ሴት ናት፤ ቆማ መቆየት የማትችል። ቆጣሪ ደብዳቤውን አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችና "ሪፖርቱን በእጄ ነው የጻፍኩት" አለች። እኔንም አንጀቴን በላችው፤ ግን ሰው ሲያጽናኑ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ጓንቶቼን ማጣመር ቀጠልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ወጥታ ማሽኑ የማይቆጥረው ሰው እንዳለ ነገረችው። አንድ ሰው ተሳፍሮ ይቁጠር አለችው። ተቆጣጣሪ የለንም፣ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች አንድ ነገር ተናግረዋል፣ አላት። የአባቷ መስመር መሆኑንም ሰምቷል፤ በጨዋ ደንብ ዝም ብሎ አለፈው እንጂ። ያ ዝምታ ከስድብ በላይ ነው ያናደዳት።

ሳምንቱን ሙሉ ዳሽቦርዱ ላይ አፍጥጣ ዋለች። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ ስለ ግራ እጅ ጓንቱ ሲጮህብኝ ቆይቶ ከወጣ በኋላ ብቻዬን ማጉረምረም ጀመርኩ።

"ሃያ ዓመት እዚህ መስኮት ላይ ስቀመጥ፣ 'ጃንጥላዬ ደህና ነው፣ አልጠፋም' ሊለኝ የመጣ አንድ ሰው የለም። የጠፋበት ብቻ ነው የሚመጣው። ከተማው ሙሉ ዝርክርክ ነው ብዬ ብምል ማን ይፈርድብኛል?"

ማውሱ ላይ ያለው እጇ ቆመ። "እስቲ ይድገሙት፣ ጋሼ።"

ደገምኩላት። ወዲያው የአራት ቁጥርን ገጽ ከፈተች። እስከዚያን ቀን የምታየው ስንት ሰው እንደገባ ነበር፤ አሁን የገባው ሰው ምን እንዳደረገ ማየት ያዘች። ጠርታ አሳየችኝ። አንዱ ጎብኚ ገጹን ይከፍታል፣ አውቶቡሱ የት እንደደረሰ ያያል፣ ይዘጋል። በደቂቃው ይከፍታል። ይዘጋል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስምንት ጊዜ። በመጨረሻ "ቅሬታ" የሚለውን ተጭኖ ይወጣል። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ መቶኛውም። ከስምሪት ክፍል የመዘግየት መዝገቡን አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠችው። አራት ቁጥር በዘገየበት ቀን ጎብኚው ይንራል፤ በሰዓቱ በመጣባቸው ጥቂት ቀናት ይወርዳል። ሰዉ ገጹን የሚከፍተው አውቶቡሱን ወዶት ሳይሆን አውቶቡሱ ዘግይቶበት ነው። የአሥራ አንድ ቁጥር ሰው ምን ብሎ ይክፈት?

ወረቀቶቹን ይዛ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

"ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ግን ሐሳብ ነው" አላት። "አሥራ አንድ ቁጥር ዘግይቶ ጎብኚው የጨመረበት አንድ ቀን ያምጡልኝ። አንድ ቀን ይበቃኛል።"

ወደ ክፍላችን ተመልሳ የሁለት ዓመቱን መዝገብ አገላበጠች። በአሥራ አንድ ቁጥር ፊት ለፊት ያለው ዓምድ ባዶ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልዘገየም። ሰው በአባቱ ጥንካሬ ሲናደድ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

እሁድ ከሰዓት እንደ ልማዴ ዳማ ልጫወት አባቷ ቤት ሄድኩ። እሷም መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሳትቀመጥ ጀመረች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። አንድ ቀን ብቻ አሥራ አምስት ደቂቃ ዘግይ።"

ጋሽ ሰዓት ጠጠሩን አንስቶ ሳያስቀምጥ ቀረ። ሁሉንም አስረዳችው። እሱም በጥሞና ሰማት፤ ሲያዳምጥ መሪ የያዘ ይመስል ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ያደርጋል።

"ዳሽቦርድ እኔም አለኝ" አላት። "የእኔ ነዳጅ ሲያልቅ ይነግረኛል። ያንቺው ደግሞ ሰው ብርድ ላይ አቁሚልኝ ይላል?"

"እሺ መዘግየቱ ይቅር። ካርዳቸውን ማሽኑ ላይ አስነካቸው። እንደዚያ ከሆነ ማሽኑ ራሱ ይቆጥራቸዋል።"

"ላይኛው ፌርማታ ላይ ሃያ ስድስት ሰው ነው። ለአንዱ አራት ሰከንድ ብትዪው ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከዚያ ሌላ አምስት ፌርማታ አለ። ሆስፒታሉ ጋ ስደርስ ሰባት ደቂቃ ዘግይቻለሁ። ነርሶቹ ሰባት ደቂቃ ከዘገዩ፣ ሌሊቱን የቆሙት ሰባት ደቂቃ ይጨመርባቸዋል። ሴትዮዋም የእጥበት ማሽኗን ለሌላ ታማሚ ይሰጡባታል።"

"መስመሩ ሲዘጋ እኮ ጭራሽ አይደርሱም!"

"ያንን የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ማዘግየቱን ግን የማደርገው እኔ ነኝ።"

እኔ ተሳስተሃል አልኩት። ለአንድ ቀን ብርድ ማንም አይሞትም፤ ግትርነትህ ነው አልኩት። መልሱ ሁለት ጠጠሬን በአንዴ መብላት ነበር። ቆጣሪ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ዛሬም ቢሆን ማን ልክ እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ ሁለቱም ተራ በተራ ነው የሚያሳምኑኝ።

አልዘገየም። በሁለት ወሩ ጡረታው ደረሰ። በመጨረሻው ቀን አውቶቡሱን ግቢው ውስጥ አቁሞ ቁልፉን ለስምሪት ክፍል ሰጠና መዝገቡ ላይ ሲፈርም ሰዓቱን ቀና ብሎ እንኳ አላየም፤ በልቡ ያውቀዋል። ቆጣሪ ከዚህ ሥራ በፊት ትይዘው የነበረውን አሮጌ ስልክ ሰጠችው። ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው የረሱት ዓይነት ነው።

"ምን ላደርግበት?" አላት።

"አውቶቡስ የት እንደደረሰ ታይበታለህ።"

"አውቶቡስ የት እንደደረሰማ ሰዓቴ ይነግረኛል" አለና ኪሱ ከተተው።

ለቀረችው አንድ ወር ተተኪ ሹፌር ተመደበ። ሥራውን የሚያከብር፣ ደንቡን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ማንንም በመልክ አያውቅም፤ ሁሉም ካርዱን ማስነካት አለበት። ሰኞ አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘገየ። ረቡዕ ዝናብ ነበር፣ ሃያ።

ብርድ ላይ የቆመው ሰው በማግስቱ ገጹን እየከፈተ መጠበቅ ጀመረ፤ ዳሽቦርዱ ላይ አሥራ አንድ ቁጥር ማክሰኞ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጎብኚ አገኘ። ሐሙስ ስድስት መቶ አርባ። ስድስት ዓመት ቀይ ሆኖ የኖረው መስመር አረንጓዴ ለበሰ። ማሽኑም አፍ አወጣና በቀን ሦስት መቶ አሥራ አንድ ተሳፋሪ አለ ማለት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ራሱ ወርዶ ክፍላችን መጣ፤ እኔ ተነስቼ ወንበር ብሰጠው አልቀመጥም አለ፣ ደስ ብሎታል።

"አሥራ አንድ ቁጥርን ሕዝቡ ወደደው" አለ።

"አልወደደውም" አለች ቆጣሪ። "እየዘገየበት ነው የሚከፍተው። እንደነገርኩዎት።"

"ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ሰው አለው ማለት ነው። መስመሩ አይዘጋም።"

"እንግዲያው ለካርዱ ሁለተኛ ማሽን በኋላ በር ላይ ይደረግለት፤ መዘግየቱ ይቀንሳል።"

"ጥሩ ሐሳብ ነው። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናየዋለን" አለና ሄደ።

መስመሩ ተረፈ፤ ሰዓቱ ግን ጠፋ። ያኔ ቆጣሪ ደስ ብሏት እንደሆነ አላውቅም። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው" አለችኝና ማስታወቂያውን ከድረ ገጹ ላይ አነሳች። ለሁለተኛው ማሽን በየሳምንቱ ደብዳቤ ትጽፋለች። ደብዳቤዎቹን እኔ ነኝ ይዤላት የምወጣው፤ መልስ ሲመጣ ግን አላየሁም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ገብታ የጠዋቱን መዝገብ ስታይ ድንገት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። አሥራ አንድ ቁጥር፣ ላይኛው ፌርማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ። አንድ ጎብኚ በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ ገጹን አሥራ አራት ጊዜ ከፍቷል። የስልኩ ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች። በዚህ ከተማ ያንን ስልክ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ደወለችለት፤ ድምፁ ለእኔም ይሰማኛል።

"አባዬ፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?"

"ፌርማታው ጋ።"

"ምን ልትሠራ?"

"የእጥበቷ ሴትዮ ቆማ መጠበቅ አትችልም። በርጩማ ይዤላት ወጣሁ። አውቶቡሱ እስኪመጣ አብሬያት ልሁን ብዬ።"

"ስንት ደቂቃ ጠበቃችሁ?"

"አሥራ ዘጠኝ" አላት ወዲያው። ቀጠለና "ይሄ ስልክሽ ግን ቶሎ ቶሎ ሲከፍቱትም ያው ነው" አላት።

ስልኩን ዘጋችና ቀዩን ደብተር አወጣች። "የማይቆጠሩ" የሚለውን ገጽ ገለጠች። ሕጉ የራሷ ነው፤ የቤት ሰው ጎብኚ አይባልም። ከልጇ ስልክ ሥር የአባቷን ስልክ ጻፈች። እስክሪብቶዋን እንደያዘች ብዙ ቆየች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፣ እኔም ጃንጥላ የምቆጥር መሰልኩ። ከዚያ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘችው።

"ይቆጠር፣ ጋሼ" አለችኝ። "እሱም እንደማንም ሰው ቆሞ ነው የጠበቀው።"

አርብ ስብሰባ ነበር። እኔና እሷ እንደተለመደው መጨረሻው ረድፍ ተቀምጠናል። ሥራ አስኪያጁ የሳምንቱን ሪፖርት እያነበበ አሥራ አንድ ቁጥር ጋ ደረሰ።

"ጎብኚዎች፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ገደማ" አለ።

ቆጣሪ ከኋላ ብድግ አለች። በማጉያው ዘጠኝ ዓመት የሰማነው ያ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

"ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አንድ" አለች።